ግርሻ (የሚያገረሽ ትኩሳት)፦ የላይም በሽታ ዘመድ በሆነው ባክቴሪያ የሚመጣ የደጋ በሽታ

ግርሻ ቦሬሊያ ሬከረንቲስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ድንገት በከፍተኛ ትኩሳት የሚጀምር በሽታ ነው። ትኩሳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቅና ሰውየው የዳነ ይመስላል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። ስሙም ከዚሁ ማገርሸት የተወሰደ ነው። በቶሎ ከታከመ አብዛኛው ሕመምተኛ ይድናል። ሳይታከም ከቀረ ግን በወረርሽኝ ጊዜ ከ100 ሕመምተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

በአማርኛ «ግርሻ» ማንኛውም ሕመም ተመልሶ ሲመጣም እንደሚባል ያውቃሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ግርሻ ይዞኛል» ብቻ አይበሉ። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ መቼ እንደተወና መቼ እንደተመለሰ ይናገሩ። ለባለሙያው ከበሽታው ስም ይልቅ የቀኖቹ ቁጥር ይጠቅመዋል።

ደባርቅና ዳባትን ለምን ይመለከታል?

ግርሻ ቀድሞ የዓለም በሽታ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሩሲያና በምሥራቅ አውሮፓ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን አጥቅቷል። ዛሬ በዋነኛነት የሚገኘው በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ባሉ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ነው። በአገራችን በየሳምንቱ ለጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ሆስፒታሎች ስለ በሽታው የታተሙ ጥናቶች አሉ።

ምክንያቱ ብርድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርሷ በላይ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጡ ብርዱ ይብሳል። ሰው ልብስ ይደርባል፣ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ይጋራል፣ ተጠጋግቶ ይተኛል። በክረምት ደግሞ ማገዶው እርጥብ ነው፣ ልብስ አይደርቅም፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። የልብስ ቅማል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ ግርሻ በብዛት የሚታየው በክረምትና ክረምቱን ተከትሎ በሚመጡት ወራት መሆኑ ለዚህ ነው።

ይበልጥ የሚጋለጡት በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው የሚያድሩ ናቸው፦ የቆሎ ተማሪዎች፣ እስረኞች፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ1991 የቀድሞው ጦር ሲበተን ወታደሮች በተሰበሰቡባቸው ካምፖች ትልቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ደባርቅና ዳባት ብዙ ተፈናቃዮችን አስተናግደዋል፤ ዳባት አጠገብም የዓለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል። ይህ ማለት ስደተኛ ወይም ተፈናቃይ በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም። ውኃ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ የሌለው ማንኛውም ሰው ይጋለጣል ማለት ነው።

እንዴት ይተላለፋል?

ሰው በራሱ ላይ ሦስት ዓይነት ቅማል ሊኖርበት ይችላል፤ ግርሻን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል የሚኖረው ቆዳ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ነው፤ ወደ ሰውነት የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። የታመመ ሰው ደም ሲመጥ ባክቴሪያውን ይወስድና ባክቴሪያው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ይራባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው በንክሻው ሳይሆን ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። ሲያክኩ ቅማሉ ይፈርጥና ፈሳሹ በተጫረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ ስስ ሽፋን ይገባል። ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል መግደል የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ለልጅ ቅማል ስትለቅም የምትውል እናት ወይም አያት ራሷ በዚህ መንገድ ልትያዝ ትችላለች። በጥርስ መጨፍለቅ ከዚህም የከፋ ነው። ቅማል ካገኙ በፈላ ውኃ ውስጥ ወይም እሳት ውስጥ ይጣሉት፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ትኩሳት ያለበት ሰው ሰውነቱ ሲግል ቅማሉ ሙቀቱን ሸሽቶ አጠገብ ወዳለ ሰው ይሄዳል። አንድ ጋቢ ለብሰው የሚያድሩ ሰዎች ተከታትለው የሚታመሙት በዚህ የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በግርሻ ከታመሙ ኢትዮጵያውያን በተወሰደ የራስ ቅማል ውስጥም የባክቴሪያውን ዘረመል አግኝቷል። ይህ ብቻውን የራስ ቅማል በሽታውን ያስተላልፋል ለማለት አይበቃም። ቤት ውስጥ ግርሻ ከተገኘ ግን የራስ ፀጉርንም መመልከት አይከፋም።

ከመዥገር ጋር ያለው ዝምድና

ቦሬሊያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም እንደ ተጠመዘዘ ሽቦ ቀጫጭን ናቸው። በሁለት ዋና ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የላይም በሽታን ያመጣል፤ የሚያስተላልፉት መዥገሮች በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ጫካዎች የሚኖሩ ናቸው። ሁለተኛው ወገን የሚያገረሽ ትኩሳትን ያመጣል። የዚህ ወገን አባላት በአብዛኛው በመዥገር ሲተላለፉ፣ በሰው ቅማል የሚተላለፈው የእኛው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ ነው።

ይህ ባክቴሪያ ለረጅም ዘመን በላቦራቶሪ አልበቅል ብሎ ተመራማሪዎችን አስቸግሮ ነበር። በመጨረሻ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ማሳደግ መቻሉ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታተም፣ ናሙናዎቹ የመጡት ከኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙሉ የዘረመል ካርታው ተነብቦ ወጣ፤ የተነበበውም ከኢትዮጵያ የተገኘ ዝርያ ነው። ካርታው በታንዛኒያ በጭቃ ቤቶች ወለል ውስጥ በሚኖር ለስላሳ መዥገር ከሚተላለፈው ቦሬሊያ ዱቶኒ ጋር ሲነጻጸር ሁለቱ እጅግ የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ የእኛው ብዙ ነገር መጣሉ ነው። የመዥገሩ ባክቴሪያ ፕላዝሚድ የሚባሉ 16 ትናንሽ የዘረመል ቁራጮች ሲኖሩት የቅማሉ 7 ብቻ ነው ያለው። የተሰበረ ዲኤንኤን የሚጠግነው ዘረመልም ከሥራ ውጭ ሆኗል። በአጭሩ ግርሻ ከመዥገር ወደ ቅማል የተሻገረና በመንገዱ ላይ ጓዙን ያራገፈ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ ከ2,300 እስከ 600 ዓመት ዕድሜ ባላቸው የብሪታንያ አፅሞች ላይ የተሠራ ጥናት ይህ መሻገር የተከናወነው ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገምታል።

ይህ ለሕመምተኛ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ባክቴሪያው ከሰውና ከልብስ ቅማል ሌላ መኖሪያ አይታወቅለትም። ከብት፣ በግ፣ ውሻ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አያስተላልፉትም። ከቅማል ወደ ቅጫምም አይወርድም። ስለዚህ ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ቅማሉን ማጥፋት ከተቻለ በሽታውም ከዚያ ይጠፋል። በመዥገር ስለሚተላለፉት ዘመዶቹ እንዲህ ማለት አይቻልም፤ እነርሱ በመዥገርና በእንስሳት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ።

ሁለተኛ፣ የማገርሸቱ ምሥጢር ዘረመሉ ውስጥ ነው። ባክቴሪያው የሰውነት ወታደሮች የሚለዩበት የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን አለው። የዚህ ፕሮቲን መሥሪያ ዘረመል ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ የተለያዩ ብዙ ቅጂዎች በመጠባበቂያ ተቀምጠዋል። ሰውነትዎ የመጀመሪያውን ሽፋን ለይቶ አብዛኛውን ባክቴሪያ ሲያጠፋ ትኩሳቱ ይለቃል። በዚያ መካከል ሽፋናቸውን የለወጡ ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ እነርሱ ተራብተው ሲበዙ ትኩሳቱ ይመለሳል። ስለዚህ «ለቀቀኝ» ማለት «ዳንኩ» ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል፣ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሽፋኑን እንዲህ የሚለዋውጠው ባክቴሪያ ከሰው ሰው ሲነጻጸር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ የተሰደዱ በርካታ ወጣቶች በግርሻ ታመው ሲገኙ፣ ከእነርሱ የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ዘረመል ተነብቦ ቀድሞ ከኢትዮጵያ ከተገኘው ጋር በጣም ተቀራራቢ ሆኗል። በደባርቅም በጎንደርም የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ዓይነት መሆኑ ሊያሳስብዎ አይገባም።

የእኛስ መዥገሮች?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከከብቶች ላይ በተለቀሙ መዥገሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በታተሙ ጥናቶች ቀድሞ የማይታወቅ የቦሬሊያ ዓይነት ተገኝቷል። በዘረመሉ ከላይም ወገንም ከሚያገረሽ ትኩሳት ወገንም ለየት ይላል። ሰውን ማሳመሙ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ከከብትዎ መዥገር ስለነቀሉ አይደንግጡ።

መዥገር ከነከሰዎ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ንክሻው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ከወጣ ግን ይህ ግርሻ ሳይሆን ሪኬትሲያ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ የሚመጣ የመዥገር ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ ለባለሙያ ያሳዩ። የዚህ ባክቴሪያ ቀደምት ናሙናዎች ከኢትዮጵያ መዥገሮች የተገኙ ናቸው። ኋላ የላይም በሽታን ባክቴሪያ በማግኘቱ ስሙ የተጠራው ዊሊ በርግዶርፈር እ.ኤ.አ. በ1973 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ በኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ የተስቦን ባክቴሪያ ፈልጎ ነበር።

ምልክቶቹ

ምልክቶቹ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ከገባ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ሰውየው ጠዋት ደህና ሆኖ ሳለ ከሰዓት በኋላ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማስመለስና ድካም ይኖራል። ጉበትና ጣፊያ አብጠው ከጎድን በታች ሲነኩ ያማሉ። የአፍንጫ ነስር፣ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ የመሰለ የደም ምልክት፣ የዓይን ቢጫ መሆን በግርሻ የተለመዱ ናቸው። ትኩሳቱ አምስት ቀን ገደማ ይቆይና በላብና በድካም ይለቃል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይቀላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ቤትዎ ውስጥ ነፍሰ ጡር ከታመመች አንድ ቀን እንኳን አይጠብቁ። ግርሻ ፅንስ ያስወርዳል፣ ያለጊዜው ምጥ ያመጣል።

የሚከተሉት ካሉ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ፦ የማይቆም ነስር ወይም ሌላ መድማት፣ ግራ መጋባት ወይም መቃዠት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲነሡ ራስን መሳት፣ የሽንት መቀነስ።

ከወባና ከተስቦ ጋር መምታታት

በየዓመቱ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከገጠሩ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ትኩሳት ከያዛቸው ሁሉም ሰው «የቆላ ወባ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚሁ ወጣቶች ለሳምንታት በአንድ ዳስ ተጨናንቀው፣ ልብስ ሳይቀይሩ የከረሙ ናቸው። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራ ግርሻን አያሳይም። ምርመራው ወባ የለም ካለ፣ ወይም የወባ መድኃኒት ተወስዶ ትኩሳቱ ካልተሻለ፣ በማይክሮስኮፕ የደም ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቁ። የሰለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ በመስታወት ላይ በተቀባ ደም ውስጥ የወባ ተሕዋስንም የግርሻ ባክቴሪያንም ማየት ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ደሙ መወሰድ ያለበት ትኩሳት ባለበት ሰዓት ነው። ትኩሳቱ በለቀቀባቸው ቀናት ባክቴሪያው በደም ውስጥ በጣም ስለሚያንስ ምርመራው ባዶ ሊመጣ ይችላል። «ሲሻለኝ እሄዳለሁ» ብሎ መጠበቅ በዚህ በሽታ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ከተስቦ ጋርም ይምታታል፤ ያንን የሚያስተላልፈውም የልብስ ቅማል ነው። በብዙ ክሊኒኮች ለተስቦ የሚሠራው ዌይል-ፌሊክስ የሚባለው የደም ምርመራ በግርሻ ሕመምተኛ ላይም አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። በዚያ ወረቀት ብቻ የተጻፈ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሕክምናው፣ በተለይ የመጀመሪያዋ ሌሊት

ግርሻ ብዙ ጊዜ በአንድ መጠን ፀረ-ባክቴሪያ ይታከማል፦ በፔኒሲሊን መርፌ፣ ወይም በሚዋጥ ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን። ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ ቴትራሳይክሊን አይሰጥም። መድኃኒቱ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ ብዙዎች ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ቤታቸው ይውጡታል። ይህን አያድርጉ።

መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን እጅግ ብዙ ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ሲፈጅ ሰውነት በኃይል ይቆጣል። ባለሙያዎች ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ ይሉታል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከ41 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፣ ይተነፍጋል፣ ይቃዣል። ከዚያ በላብ ይጠመቃል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በግርሻ ሰው ከሚሞትባቸው ሰዓታት አንዱ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ምላሹን አስቀድሞ በሚሰጥ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል ማብረድ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ያ መድኃኒት ግን ለተራ ሕክምና የሚደርስ አልሆነም። ፓራሲታሞል ምላሹን አይከላከልም። የሚያድነው ክትትልና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው።

ስለዚህ አስታማሚ ከሆኑ፦ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ቢያንስ ያን ቀንና ሌሊት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይደር። ተጋድሞ ይቆይ፤ ሽንት ቤት እንኳን ብቻውን እንዲሄድ አይፍቀዱለት፤ ድንገት ሲቆም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ሲንቀጠቀጥ «መርፌው አልተስማማውም፣ ጸበል ይሻለዋል» ብለው ከሆስፒታል አያውጡት። ጸበሉ ይደርሳል፤ በዚያች ሌሊት ግን ከነርሷ ዓይን አይራቅ። በበሽታው የደም መርጊያ ሕዋሳት ስለሚያንሱ አስፕሪን አይስጡት፤ ለሕመም የሚወጋ ዳይክሎፌናክም ባለሙያ ሳያዝዝ አይሰጥ።

ልብሱን ማከም

መርፌውን ወስዶ ያንኑ ልብስ ለብሶ የሚመለስ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል፤ በሽታው ዘላቂ መከላከያ ትቶ አይሄድም። ሕመምተኛው በገባበት ቀን ልብሱ ሁሉ፣ ጋቢውና አንሶላው ጭምር፣ በፈላ ውኃ ይቀቀል። ሲደርቅ ስፌቱ ላይ በደንብ ተጭኖ መተኮስ ይረዳል። አብረውት የሚተኙት ሁሉ ልብሳቸውን በአንድ ቀን ያፍሉ፤ አንዱ ዛሬ ሌላው በሳምንቱ ከሆነ ቅማሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ይቆያል።

ደበሎ፣ ቡልኮና ወፍራም ካፖርት መቀቀል አይቻልም። እነዚህን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አስረው ለሁለት ሳምንት ያስቀምጧቸው። የልብስ ቅማል የሰው ደም ሳያገኝ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም፤ የተቀረው ጊዜ ለቅጫሙ ነው። ችግሩ ያለ ደበሎው ሁለት ሳምንት በስሜን ብርድ ማደር ነው። የአብነት ተማሪዎች ባሉበት ቦታ ተለዋጭ ብርድ ልብስ ማዋስ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ለእህል ወይም ለከብት የሚረጭ ፀረ ተባይ ልብስ ላይና ገላ ላይ አይርጩ፤ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ይመርዛል።

በአንድ ቤት ወይም በአንድ ማደሪያ ሁለት ሰው ከታመመ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገሩ። ሌሎቹን መመርመርና ቅማሉን በአንድ ጊዜ ማጥፋት የሚቻለው ያኔ ነው።

በውጭ አገር ላሉ

ከኢትዮጵያ ተመልሰው ወይም በስደት መንገድ አልፈው በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ትኩሳት ከያዘዎት፣ የት እንደነበሩና ከማን ጋር እንዳደሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ብዙዎቹ ሐኪሞች ይህን በሽታ አይተው አያውቁም። የላይም በሽታ የደም ምርመራም ሊታዘዝልዎ ይችላል። ሁለቱ ባክቴሪያዎች ዘመድ ስለሆኑ ግርሻ የያዘው ሰው በላይም ምርመራ አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ከመጣ፣ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት የተወሰደ ደም በማይክሮስኮፕ ወይም በዘረመል ምርመራ እንዲታይ ይጠይቁ።